ከአቃቂ ወንዝ እስከ ሳህናችን፦ በተበከለ ውሃ ስለሚበቅል አትክልት፣ ስለ ዓሣና ስለ ባሕር ዛጎል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ለዓመታት የሠራሁት ደግሞ ምግብና ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የቆስጣ እስር ይዞ ደረጃ ላይ ያስቆመኛል። «እስቲ እያት፤ የአቃቂ ናት?» ቆስጣ አይቶ የጠጣችውን ወንዝ የሚናገር ሰው እኔም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ከዚህ በታች ያሉት በደረጃው፣ በእድር ድንኳንና በታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቀርቡልኝ የኖሩ ጥያቄዎች ናቸው።

የአቃቂ ውሃ ምን ሆነና ነው ይህ ሁሉ ወሬ?

አቃቂ ሁለት ነው፤ ትልቁና ትንሹ። ሁለቱም የሚነሱት ከአዲስ አበባ በላይ ካለው ደጋ ነው። ቀበናን፣ ቀጨኔንና ግንፍሌን የመሳሰሉት ወደ ትልቁ ይገባሉ፤ ትንሹ በምዕራብ በኩል ዞሮ ፋብሪካ የበዛበትን ሠፈር አቋርጦ ይወርዳል። አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይቀጥላሉ። እንጦጦ ጫካ ውስጥ ጠጠሩ የሚቆጠርበት ውሃ እኛ ጋ ሲደርስ ጠቁሮ፣ አረፋ ለብሶና አፍንጫ አስይዞ ነው።

በመሀል የሚገባበትን ማንም ያውቀዋል። ሌሊት ሰው ሲተኛ በድብቅ ቱቦ የሚለቀቅ የሽንት ቤት ፍሳሽ አለ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ የጨርቃ ጨርቅ ቀለም፣ የጋራዥ የተቃጠለ ዘይት፣ የአሮጌ ባትሪ አሲድ፣ የቄራ ደምና ፈርስ ሁሉ መንገዱ አንድ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ይኸው ውሃ ለገበሬው የማይገኝ ሲሳይ መሆኑ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሌላው ምንጭ ሲደርቅ አቃቂ አይደርቅም። ፍሳሹ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ስለሚሸከም ማዳበሪያ የመግዛት ያህል ነው። ሰላጣው ወፍራም፣ ቆስጣው አንጸባራቂ ሆኖ ይወጣል። ያማረው አትክልት የት ነው ብትሉኝ፣ ብዙ ጊዜ የከፋው ውሃ ዳር ነው።

አንድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከድልድዩ በታች ወርጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሁለት ወጣቶች መሬት ቆፍረው ላስቲክ አንጥፈዋል። ጉድጓዱን በሞተር ከወንዙ ሞሉት፤ ካሮቱን ከነጭቃው ዘረገፉበት፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ገቡና ረገጡት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ካሮቱ እንደ ብርቱካን እያበራ ወጣ። ጆንያ ሞልቶ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ገበያ ላይ «የታጠበ ካሮት» ተብሎ ከጭቃማው ጨምሮ ይሸጣል። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ ጭቃማውን ነው የምገዛው፤ ጭቃው ቢያንስ እኔ ቤት በቧንቧ ውሃ ይወርዳል።

የሚያስፈራው የቱ ነው? ጀርሙ ወይስ ብረቱ?

ይህን ጥያቄ ስወደው! ሁለቱን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ጀርሙ የዛሬ ጠላት ነው። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ኮሌራ፣ የወስፋት እንቁላል፣ የወፍ በሽታ የምንለውን የሚያመጣው ሄፓታይተስ ኤ፣ ሁሉም ከሰው ዓይነ ምድር ተነስተው በውሃው በኩል ቅጠሉ ላይ ያርፋሉ። ሰኞ የበላችሁት ሐሙስ ያስተኛችኋል፤ አንዳንዱም ሳምንታት ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በፍሳሽ ስለሚለማ መስኖ ያወጣው መመሪያ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ የትል እንቁላል በላይ እንዳይኖር ይላል። ያ መጠን ከየት እንደሚገኝ ወንዙን ያየ ሰው ይፍረድ።

ብረቱ የሃያ ዓመት ጠላት ነው። እርሳስ (መጻፊያው ሳይሆን ሊድ የሚባለው ማዕድን)፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ አርሴኒክ። አንድ ሳህን ሰላጣ ማንንም በካድሚየም አይገድልም። ነገር ግን ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ከገባ በኋላ ግማሹ ለመውጣት ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ማለት ዛሬ የገባው ሳይወጣ የነገው ይደረብበታል፤ እንደ እቁብ ይጠራቀማል፤ ዕጣው ሲወጣ ግን የሚደርሰው የኩላሊት በሽታ ነው።

ለሁለቱ መፍትሔው አንድ አይደለም። ጀርሙን ቤታችሁ ውስጥ ልታሸንፉት ትችላላችሁ። ብረቱን ግን ድስቱ ላይ ስትደርሱ ረፍዷል።

በአቼቶ ዘፍዝፌ ባጥበውስ?

አቼቶ፣ ሎሚ፣ ጨው... ሁሉም ጀርሙን ይቀንሳሉ እንጂ አያጠፉም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የሚፈስ ንጹሕ ውሃና የእጃችሁ ጣት ነው። ቅጠሉን ከግንዱ ገንጥሉት፣ አንድ በአንድ ከፊትና ከኋላ እሹት፣ ውሃውን ደጋግማችሁ ቀይሩ። የወስፋት እንቁላል ተጣባቂ ነው፤ አቼቶም በረኪናም በቀላሉ አይደፍሩትም፤ ተፈትጎ ሲወርድ ነው የሚለቅ።

በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ መጠኑ የተጻፈ፣ ሽቶ ያልተጨመረበት ይሁን። 5 ከመቶ ከሆነ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ5 ሊትር ውሃ ይበቃል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ ነው። በአሮጌ የውሃ ፕላስቲክ ተሞልቶ በየሱቁ የሚሸጠው ጥንካሬው ስለማይታወቅ ለምግብ አይሁን። ደግሞ በረኪናና አቼቶን አንድ ላይ የሚያደርጉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ «እጥፍ ድርብ እንዲገድል» ብለው። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ የሚያፍነው አጣቢዋን ነው። እባካችሁ።

ብረቱስ? ቅጠሉ ላይ በአቧራ መልክ የተለጠፈው እርሳስ ይታጠባል፤ ጥሩ ነው። በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ የገባው ግን በምንም አይታጠብም። የአቡጀዲን ነጠብጣብ ታጥባላችሁ፤ የተነከረበትን ቀለም ግን አታጥቡም።

ብቀቅለውስ? አዲስ አበባ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል ይባላል።

እውነት ነው። እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምንኖር ውሃችን የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 ወይም 93 አካባቢ ነው። ያም ቢሆን ጀርሙን ይገድላል። የመጠጥ ውሃ ስታፈሉ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚመከረው ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ማቆየት ነው። ቆስጣና ጎመን በእኛ ባህል ተቀቅለው ወይም በስለው ስለሚበሉ በጀርም በኩል የአያቶቻችን ወጥ ቤት ከዛሬው ሰላጣ ቤት ይሻላል።

ብረት ግን ንጥረ ነገር ነው፤ እሳት አይፈጀውም። የቀቀላችሁበትን ውሃ ብትደፉ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ ከእሱ ጋር ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል።

የትኛው አትክልት ነው የከፋው?

ቅጠል የሆነው። ሰላጣ፣ ቆስጣና ስፒናች ካድሚየምን ከአፈር ወደ ቅጠላቸው በቀላሉ ይስባሉ። ጥቅል ጎመን ከእነሱ ያነሰ ነው። ቲማቲምና ቃሪያን የመሰለ ፍሬ ደግሞ የባሰ ያንሳል፤ ብረቱ ሥርና ቅጠል ላይ ይቀራል እንጂ ፍሬ ድረስ ብዙ አይወጣም። ካሮት፣ ድንችና ቀይ ሥር ቆዳቸው ላይ ይበዛባቸዋልና በደንብ ይላጡ። ክሮሚየም በአብዛኛው ሥሩ ላይ ይቀራል። እርሳስ ደግሞ በሥር ከሚገባው ይልቅ ከመንገድ ዳር አቧራ ላይ የሚያርፈው ይብሳል።

ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል ያስቀመጠው ጣራ በአንድ ኪሎ 0.2 ሚሊግራም ካድሚየምና 0.3 ሚሊግራም እርሳስ ነው። ይህ ቁጥር የተቆረጠው ቅጠል በየቀኑ የሚበላ ነገር ስለሆነ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ሑዳዴና ፍልሰታ በያይነቱ የሚበላ የእኛ ሰው ከአማካዩ አውሮፓዊ በላይ ቅጠል ይበላል ብዬ ነው የማስበው።

አፈሩም ጣልቃ ይገባል። የአቃቂ ጥቁር ኮትቻ ሸክላው ብዙ ስለሆነ ብረትን አጥብቆ ይይዛል፤ ለጊዜው ባለውለታችን ነው። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ግን የያዘውን ካድሚየም ለሥሩ ይለቃል። ወንዙ ነገ ጠዋት ቢጸዳ እንኳ መሬቱ የአርባ ዓመት ሒሳብ ይዞ ይቆያል።

አይቼ ወይም አሽትቼ መለየት እችላለሁ?

አትችሉም። ሻጯም አትችልም። «የደብረ ዘይት ነው» ያለችኝን ሁሉ አምኜ ብገዛ ደብረ ዘይት አንድም ሰው የሚኖርበት ቦታ አይተርፋትም ነበር።

የቧንቧ ውሃችንስ ከዚያው ነው?

አይደለም። የከተማው ቧንቧ የሚሞላው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። የአቃቂ ጉድጓድና የአቃቂ ወንዝ ስማቸው እንጂ ውሃቸው አንድ አይደለም። ሠፈር ውስጥ በእጅ የተቆፈረ፣ ከሽንት ቤት አጠገብ ያለ ጉድጓድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አፍልታችሁ ጠጡ።

ከአባ ሳሙኤል የተያዘ ዓሣ ይበላል?

አባ ሳሙኤል ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ ነው። ዛሬ የሁለቱ አቃቂዎች ማጠራቀሚያ ገንዳ ሆኗል ማለት ይቀላል። እምቦጩ እንደ ምንጣፍ ለብሶታል። ከተማዋ ያወረደችው ዝቃጭ እታች ይተኛል፤ ብረቱ ደግሞ ከውሃው ይልቅ ዝቃጩን ይወዳል። አምባዛ ያንን ዝቃጭ እየቆፈረ የሚበላ ዓሣ ነው።

እኔ አልበላም፤ ለልጅም አልሰጥም። ሆኖም የተበላ እንደሆነ ሰማይ አይደፋም። አብዛኛው ብረት የሚከማቸው በጉበቱ፣ በኩላሊቱና በስንጥቡ ላይ ነው፤ ሥጋው ላይ ያነሰ ነው። ሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ጭንቅላቱን ጥላችሁ ከሆነ ብዙውን ጥላችኋል። ከዚህ ሕግ የሚያፈነግጠው ሜርኩሪ ነው፤ እሱ ሥጋው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ትልቅና ሌላ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ላይ ደግሞ ይበዛል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ተንሳፎ ካያችሁ ደግሞ ከዚያ ሰሞን ውሃውንም ዓሣውንም ተዉት፤ ያ አልጌ የሚያመነጨው መርዝ በመፍላት አይጠፋም።

በሑዳዴ ገበያውን የሚሞላው ቆሮሶ በአብዛኛው ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣናና ከመሳሰሉት ይመጣል። ስለ አባ ሳሙኤል የተናገርኩትን ወስዳችሁ የዓሣ ነጋዴውን ሁሉ እንዳታስርቡብኝ።

ልጄ ዐረብ አገር ናት፤ ኦይስተርና ሽሪምፕ ትበላለች። እሱስ?

ይህን የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው። ጭንቀታቸው ከጤናው ይልቅ «ክንፍና ቅርፊት የሌለው» ጉዳይ ነበር። በዚያ በኩል ንስሐ አባታቸው ይመልሱ። በጤናው በኩል ግን ጥያቄው ግሩም ነው፤ ስለ ውሃ ብክለትና ስለ ምግብ ዓለም የተማረው አብዛኛው ነገር ከዛጎል ለበሶቹ ነውና።

ኦይስተር፣ ክላምና ሙስል ሁለት ክዳን ባለው ዛጎል ውስጥ ተቀምጠው ውሃን እያጠለሉ የሚኖሩ ናቸው። አሳደው አይበሉም፤ ባሕሩን በስንጥባቸው ያሳልፉና ያገኙትን ያስቀራሉ። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውሃ ያጠልላል፤ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ቆጥራችሁ ገና ትርፍ አለው። ውሃው ውስጥ የሽንት ቤት ቫይረስ ካለ እሷ ውስጥ ተሰብስቦ ታገኙታላችሁ። ካድሚየም ካለም እንዲሁ። በአጭሩ ሕይወት ያለው ማጥለያ ናት፤ ሰው ደግሞ ማጥለያውን ከነአተላው፣ ብዙ ጊዜም ጥሬውን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሻንጋይ ውስጥ በፍሳሽ ከተበከለ ባሕር የወጣ ክላም ሳይበስል ተበልቶ 300 ሺህ ገደማ ሰው በሄፓታይተስ ኤ ታመመ።

ስለዚህ አውሮፓ ኅብረት ዛጎሎቹ የሚያድጉበትን ባሕር በደረጃ ይከፍላል። በቀጥታ ለገበያ የሚወጣው 100 ግራም ሥጋው ውስጥ ከ230 ኢ. ኮላይ (የዓይነ ምድር ብክለት ምልክት የሆነ ባክቴሪያ) ያልበለጠበት ነው። ከዚያ የባሰው ንጹሕ ውሃ ባለበት ገንዳ ውስጥ ይቀመጥና ሆዱን እንዲያጸዳ ይደረጋል። ይህ ባክቴሪያውን ያስወጣል፤ ቫይረሱ ላይ ደካማ ነው፤ ብረቱ ላይ ዋጋ የለውም። የእኛው የአቼቶ ታሪክ በባሕር ቋንቋ ሲተረክ ማለት ነው።

ለካድሚየም በዛጎል የተቀመጠው የአውሮፓ ጣራ በኪሎ 1 ሚሊግራም ነው። ከቅጠሉ 0.2 አምስት እጥፍ። ዛጎሉ ላይ የተለሳለሱት በባሕርይው ብዙ ስለሚያከማችና ሰው በየቀኑ ስለማይበላው ነው።

ለልጅትዋ ያስተላለፍኩት መልእክት ይህ ነው፦ ጥሬ ኦይስተር ይቅርብሽ። የበሰለ ከሆነ ውስጡ ድረስ በ90 ዲግሪ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይሙቅ፤ ሲበስል አፉን ያልከፈተውን ጣይው። ጉበቱ የታመመ ሰው ጥሬውን ፈጽሞ አይንካ፤ ሞቃት ባሕር ውስጥ ያለ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ እንዲህ ያለውን ሰው በቀናት ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ቀይ ማዕበል (መርዘኛ አልጌ ባሕሩን ሲሞላው) ተነስቷል ተብሎ ማጥመድ ከተከለከለ ደግሞ መቀቀልም አያድንም፤ ያ የአልጌ መርዝ ሙቀት አይበግረውም። ሽሪምፕ ውሃ አጥላይ ስላልሆነ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሰውነቷ የሚቆጣ ከሆነ ግን ሽሪምፕ ዋነኛ አለርጂ ቀስቃሽ ነው።

ካድሚየም ካድሚየም ትላለህ፤ ሰው ላይ ምን ሲያደርግ ታየ?

ጃፓን ውስጥ ቶያማ በሚባል አውራጃ ጂንዙ የሚባል ወንዝ አለ። ከላዩ የማዕድን ማውጫ፣ ከታቹ በመስኖ የሚለማ ሩዝ። ገበሬዎቹ እንደ እኛዎቹ የወንዙን ውሃ መለሱበት። ከዓመታት በኋላ፣ በተለይ ብዙ ልጅ የወለዱ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች አጥንታቸው እንደ ሸክላ ይሰበር ጀመር። ሲስሉ የጎን አጥንታቸው ይሰነጠቅ ነበር። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ በቋንቋቸው «ያመኛል፣ ያመኛል» ማለት ነው። መንግሥት ከማዕድን ማውጫው በወጣ ካድሚየም የመጣ መሆኑን ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ ሲላላ አጥንት የሚያጠነክረው ካልሲየምና ፎስፌት በሽንት ይፈሳል።

እዚያው አገር ሚናማታ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ደግሞ ፋብሪካ ሜርኩሪ ወደ ባሕረ ሰላጤው ለቀቀ። ዓሣውና ዛጎሉ ሰበሰበው። መጀመሪያ ድመቶች እየተንገዳገዱ ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 የሰው በሽታነቱ በይፋ ታወቀ። ብዙም ሕመም ያልተሰማቸው እናቶች አእምሯቸውና አካላቸው የተጎዳ ልጆች ወለዱ።

አቃቂ ጂንዙ ነው እያልኩ አይደለም። መጠኑ ይለያያል፤ እኛም ከአንድ ማሳ ብቻ አንበላም። መንገዱ ግን ያው ነው፤ ወንዝ፣ መስኖ፣ ሳህን።

እርጉዝ ነኝ፤ ትንንሽ ልጆችም አሉኝ። ምን ልጠንቀቅ?

እርሳስ ነው የእናንተ ጉዳይ። በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራል፤ የልጅን አእምሮ ዕድገት ይጎዳል፤ ምንም አያደርግም ተብሎ የሚታወቅ መጠን የለውም። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ቀድሞ «በሳምንት ይህን ያህል ቢገባ ግድ የለም» ይሉት የነበረውን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2010 ሰርዘውታል።

ደግነቱ ሰውነት የሚቀበለው የእርሳስና የካድሚየም መጠን በሌላው ምግባችሁ ይወሰናል። አይረንና ካልሲየም ያነሰው አካል ብረቶቹን አብልጦ ይስባል፤ ደም ማነስ ያለባት ሴት ከሌላው የበለጠ ካድሚየም ይገባባታል። ስለዚህ የቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ የሚሰጣችሁን የአይረን ክኒን «አፌን መረረኝ» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። ጤፍ፣ ምስር፣ ወተት፣ እርጎ ብሉ።

እርሳስ ከአትክልት ብቻ አይመጣም። የተላላጠ አሮጌ ቀለም፣ ቤት ውስጥ የሚፈታ ባትሪ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ የሚሠራ ድስት፣ እነዚህ ከቆስጣው ሊብሱ ይችላሉ። አንድ ጎረቤቴ በቀን ፓኬት እያጨሰ ስለ ሰላጣ ካድሚየም ሲያስጨንቀኝ ያመሸበት ቀን ነበር። ትንባሆ ራሱ ካድሚየም የሚስብ ቅጠል ነው፤ የአጫሽ ሰው ሰውነት ካድሚየሙ ካላጨሰው እጥፍ ገደማ ነው። ነገርኩት። ለሳምንት አኮረፈኝ።

ከወንዙ የሚጠጡት ላሞች ወተትስ? ሥጋውስ?

ወተት ውስጥ የሚያልፈው ብረት ትንሽ ነው። ወተቱን የምታፈሉት ለነቀርሳና ለብሩሴሎሲስ ነው፤ እሱን አትተዉ። የከብት ካድሚየምም እንደ እኛው ኩላሊትና ጉበት ውስጥ ነው የሚጠራቀመው። ዱለት ወዳጆች ይህን አንብበው እንዳላነበቡ እንደሚያልፉት አውቃለሁ።

ሰውነትን ከመርዝ የሚያጸዳ ሻይ አለ ይባላል። ይሠራል?

አይሠራም። ነጭ ሽንኩርት ይብላ የወደደ፤ ሎሚም ይጠጣ። ከደም ውስጥ እርሳስን የሚያስወጣ መድኃኒት ሐኪም ቤት ውስጥ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በጣም ለተመረዘ ሰው የሚሰጥ ነው፤ በፖስታ ታሽጎ የሚሸጥ አይደለም።

ተቅማጡ ደም ከቀላቀለ፣ ወይም ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ ሽንቱ ከቀነሰ ግን ኦአርኤስ እየሰጣችሁ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የመጀመሪያውን ቀን በዳማከሴ የሚያሳልፍ ቤተሰብ ብዙ አይቻለሁ።

ታዲያ ለምን አይከለከልም? ገበሬዎቹስ ለምን ዝም ይባላሉ?

ሕግ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የማልማት ሥራ በ2011 ዓ.ም. ይፋ ተደርጓል። ከተማ አስተዳደሩም በ2017 ዓ.ም. ወንዝ በሚበክል ላይ ቅጣት የሚጥል ደንብ አውጥቷል። ቃሊቲ ላይ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አለ፤ ግን ብዙ ቤት ወደ እሱ የሚወስድ መስመር ጋር አልተገናኘም፤ ያልተገናኘው ወደ ወንዙ ነው።

ስለ ገበሬው ግን አንድ ነገር ልበል። ውሃውን ያበላሸው እሱ አይደለም። ከላይ ያለነው ቆሻሻችንን ለቀን ስናበቃ ከታች ያለውን «መርዝ አበላኸን» ብለን ስንጮህ ነገሩ ይገለበጥብኛል። ቀኑን ሙሉ በባዶ እግሩ ያ ውሃ ውስጥ የሚቆመው እሱ ነው፤ ወስፋቱም የቆዳ ቁስሉም ቀድሞ የሚያገኘው እሱንና ልጆቹን ነው። አንድ አዛውንት ማሳቸው ዳር «ልጄ፣ እኔ ከዚህ ውሃ በፊት ነበርኩ። ዓሣ ይጠመድበት፣ ልብስ ይታጠብበት ነበር» ብለውኛል።

በመሀል መፍትሔ የለም ማለት አይደለም። ከመቁረጥ በፊት ለጥቂት ቀናት በወንዙ ውሃ አለማጠጣት ቅጠሉ ላይ ያለውን ጀርም ፀሐይ እንዲጨርሰው ያደርጋል። ውሃውን ከላይ ከመርጨት ሥሩ ሥር በቦይ መልቀቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ አሳድሮ ማዝቀጥ፣ ሰላጣውን ትቶ የማይበላ አበባ ወይም የዛፍ ችግኝ ማልማት፣ አሲዳማ አፈር ላይ ኖራ መጨመር። የመጨረሻው ካድሚየሙን አፈሩ ውስጥ ያስረዋል።

አንተ ራስህ ምን ትበላለህ?

ሁሉንም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። የማደርገው ጥንቃቄ አንድ ገበያ ላይ አለመለጠፍ ነው። አንድ ሳምንት ከጉሊት፣ አንድ ሳምንት ከሃይሌ ጋርመንት፣ አንዳንዴ ደግሞ ቅዳሜ ከገጠር ከሚመጡት። ብረት የሚጎዳው ሲደጋገም ነውና ምንጩን መቀያየር ይጠቅማል። ቆስጣውን አብስዬ፣ ካሮቱን ልጬ እበላለሁ። ሰላጣ ስፈልግ በረንዳዬ ላይ በአሮጌ ባልዲ ተክዬ በቧንቧ ውሃ አበቅላለሁ፤ ሦስት ባልዲ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ወፎቹ ከተዉልን።

ሬስቶራንት የጾም በያይነቱ ሳዝ ላዩ ላይ ያለውን ጥሬ ሰላጣ ልብላው?

ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድንች በካሮቱን ብሉ። ጥሬውን ወደ ጠርዙ ገፋ አድርጉት። አስተናጋጁ «ሰላጣው አልጣፈጠም እንዴ?» ይላል፤ «ጠግቤ ነው» ማለት ነው።